ስለ ብሪቲሽ ሙዚየም የወረቀት ስራዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምን የምታውቁት በሙሚውና በግሪክ ሐውልቱ ብቻ መሆኑን ስላየሁ ነው ይሄን የከፈትኩት። እዛው ህንፃ ውስጥ ድሮዊንግ (በእርሳስ፣ በቀለም ወይም በጠመኔ በእጅ የተነደፈ)፣ ፕሪንት (ከተቀረፀ ሰሌዳ ወረቀት ላይ የታተመ ስዕል) እና ዋተር ከለር (የውሃ ቀለም ስዕል) የሚቀመጥበት ትልቅ ክፍል አለ፣ ብዙ ሰው ሳያየው ነው የሚወጣው። እኔ አዲስ አበባ ግራፊክ አርት፣ ማለትም ፕሪንት መስራት፣ ተምሬ አሁን ለንደን ውስጥ ወረቀት ላይ የተሰሩ ስራዎችን በመጠገን ነው የምተዳደረው። የሙዚየሙ ሰራተኛ አይደለሁም፣ ግን ለስራም ለራሴም ብዬ እዛ ክፍል እመላለሳለሁ። የምጠቅሳቸው አመተ ምህረቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስንት ስራ ነው ያላቸው? እና ለምንድነው ግድግዳ ላይ የማይሰቅሉት?

መልስ፦ ድሮዊንጉ ወደ 50 ሺህ ነው፣ ፕሪንቱ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስካሁን ድረስ ማለት ነው። መነሻው ሃንስ ስሎን የሚባል ሀኪም ነው፣ 1753 ላይ ሲሞት ከ71 ሺህ በላይ እቃ ትቶ ሄደ፣ ሙዚየሙ የተመሰረተው በዛ ነው። ከሀብቱ ከፊሉ ጃማይካ ውስጥ በባርነት ከተያዙ ሰዎች ጉልበት የመጣ እንደሆነም አብሮ መነገር አለበት። እሱ ከተወው ውስጥ የጀርመኑ ሰዓሊ የአልብሬክት ዱሬር ድሮዊንጎች ነበሩበት።

ግድግዳ ላይ የማይሰቀለው ቦታ ጠፍቶ ብቻ እንዳይመስልህ። ዋናው ምክንያት ብርሃን ነው። ወረቀትና የውሃ ቀለም ላይ ብርሃን ያደረሰውን ጉዳት መመለስ አይቻልም፣ እኔም ሆንኩ የትኛውም ጠጋኝ የሄደ ቀለም አንመልስም። ስለዚህ እያፈራረቁ ነው የሚያሳዩት፣ 90 ቁጥር ክፍል ሄደህ ጥቂት ወር የቆየ ኤግዚቢሽን ታያለህ ከዛ ይነሳና ሌላው ይገባል፣ የተነሳው ወደ ሳጥኑ ተመልሶ አመታት ያርፋል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ክፍሎች ለምን እንደዛ ይጨልማሉ፣ አይኔ እስኪለምድ ምንም አላየሁም

መልስ፦ እህቴ ልክ ነሽ፣ ለወረቀት ስራ የሚፈቀደው ብርሃን በተለምዶ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ነው። ውጪ ቀጥታ ፀሀይ ላይ 100 ሺህ ሉክስ ሊደርስ ይችላል፣ ልዩነቱን አስቢው። በር ላይ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆም ብለሽ ግቢ፣ አይንሽ ሲለምድ ቀለሙ ራሱ ቀስ እያለ ይወጣልሻል።

ይሄን ነገር ድሮም የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ሄንሪ ቮን የሚባል ሰብሳቢ 1900 ላይ የእንግሊዛዊውን ሰዓሊ የተርነርን የውሃ ቀለም ስራዎች ለደብሊን 31፣ ለኤደንብራ ደግሞ 38 አውርሶ ሲሄድ ኑዛዜው ላይ ጥር ወር ላይ ብቻ በነፃ ይታዩ ብሎ ነው ያሰረው፣ ምክንያቱም በነሱ ሀገር ጥር የአመቱ ደካማ ብርሃን ያለበት ወር ነው። አሁን ብርሃኑን በመብራት መቆጣጠር ቢቻልም ሁለቱም ከተሞች ልማዱን ይዘውት በየአመቱ ጥር ላይ ያወጧቸዋል። ሰማያዊውን ስታዪው ትናንት የተቀባ ነው የሚመስልሽ። ደብሊን ወይ ኤደንብራ ያላችሁ ጥር ላይ እንዳያመልጣችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሰው ነኝ፣ ስለ አርት የተማርኩትም ነገር የለም። ሳጥን ውስጥ ያለውን ማየት እችላለሁ ወይስ ለፕሮፌሰሮች ብቻ ነው?

መልስ፦ ትችላለህ! እንደውም ይሄን ሁሉ የከፈትኩት ለዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። ስተዲ ሩም የሚባል የንባብ ክፍል የመሰለ አዳራሽ አላቸው፣ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ፕሮፌሰር መሆን አይጠበቅብህም፣ ቀድመህ ቀጠሮ መያዝ ብቻ ነው። ማየት የምትፈልገውን ስራ ከድረገፃቸው ላይ ፈልገህ ቁጥሩን ትፅፍና ቀን ትጠይቃለህ። የስራ ሰአቱን ከመሄድህ በፊት እዛው አረጋግጥ ምክንያቱም ይቀያየራል። መታወቂያ ያዝ። እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። እጅህን ታጠብና በደንብ አድርቅ። ሰው ጓንት ይጠብቃል ግን ወረቀት በጓንት ሲያዝ ጣት ስለማይሰማው ጠርዙ ሊቀደድ ይችላል፣ ንፁህ እጅ ይሻላል። ስራው በወፍራም የጥጥ ካርቶን ተይዞ ነው የሚመጣልህ፣ አንተ የምትነካው ካርቶኑን እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

የሀበሻ ልጆች እንደዚህ አይነት ቦታ ላይ "እኔ ምን ብዬ ነው የምገባው" ብለን የምንቀርበት ነገር ያናድደኛል። ማንም ለምን መጣህ አይልህም። ጠረጴዛ ላይ የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት የነካውን ወረቀት ያስቀምጡልህና ሄደው ስራቸውን ይሰራሉ፣ መስታወት የለም፣ ገመድ የለም፣ ከአፍንጫህ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ብዙ ሙዚየሞችም እንደዚህ አይነት ክፍል አላቸው፣ ቪየና ያላችሁ አልበርቲና አለላችሁ፣ ሌላ ከተማ ያላችሁም ያላችሁበትን ሙዚየም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ግን ፕሪንት ማለት ኮፒ አይደለም እንዴ? መቶ አንድ አይነት ካለ ኦሪጅናሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፣ መምጣቱም ጥሩ ነው። ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው። ሰዓሊው መጀመሪያ የሚሰራው ወረቀቱን ሳይሆን ማተሚያውን ነው፣ ውድከት ከሆነ እንጨቱን ይቀርፃል፣ ነጭ መሆን ያለበትን ሁሉ ፈልፍሎ ያወጣና የቀረው ጎላ ያለው መስመር ላይ ቀለም ይቀባል። ኤቺንግ ከሆነ መዳቡን ሰም በመሰለ ነገር ይሸፍናል፣ በመርፌ ይጭርበታል፣ አሲድ ውስጥ ሲነከር አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላዋል፣ ከዛ ቀለም ሙሉ ሰሌዳው ላይ ይቀባና ላይ ላዩ ይጠረጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ቀለም እርጥብ ወረቀት በፕረስ (በማተሚያ መጫኛው) ሀይል ስቦ ያወጣዋል። ወረቀቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ኮፒ የሚደረግ ሌላ ስዕል የለም ማለት ነው።

ደግሞም አንድ አይነት አይደሉም። ድራይፖይንት የሚባል አለ፣ አሲድ የለውም፣ መርፌው በቀጥታ መዳቡን ሲያርሰው በመስመሩ ዳርና ዳር የመዳብ ፍርፋሪ ይቆማል፣ ቀለሙን የሚይዘው እሱ ስለሆነ መስመሩ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ግን ፕረሱ ስር ባለፈ ቁጥር ፍርፋሪው እየተደፈጠጠ ይሄዳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወረቀቶችና መጨረሻ የታተሙት ጎን ለጎን ሲታዩ ሌላ ሰው የሰራቸው ነው የሚመስሉት። ሬምብራንት 1653 ላይ የሰራው ሶስቱ መስቀሎች የሚባል ስራ አለ፣ የጌታን ስቅለት ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ የታተሙት ላይ ከላይ ብርሃን ይወርዳል፣ ከስር ያለው ህዝብ አንድ በአንድ ይታያል። በኋላ ያንኑ ሰሌዳ መልሶ አምጥቶ ብዙ ሰዎችን ፋቀ፣ በወፍራም መስመር አጨለመው፣ ፈረሰኛ ጨመረበት፣ በቃ ከስድስት ሰአት እስከ ዘጠኝ ሰአት የሆነው ጨለማ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስወጥታችሁ እዩ ብዬ ነው የምመክራችሁ፣ መፅሀፍ ላይ ያለው ፎቶ አይበቃም፣ ጥቁሩ ፎቶ ላይ ጥቁር ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ከፍታ አለው፣ ወደ ጎን ዘንበል ብላችሁ ስታዩት ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ቆሞ ይታያል።

ጥያቄ፦ የዱሬር አውራሪስ እዛ ነው ያለው?

መልስ፦ አዎ፣ ያውም ንድፉም ውድከቱም። አውራሪሱ ከህንድ ተነስቶ ግንቦት 1515 ሊዝበን ደረሰ፣ ለፖርቹጋሉ ንጉስ ማኑኤል የመጣ ነው። ዱሬር ያለው ጀርመን ኑረምበርግ ነው፣ እንስሳውን በአይኑ አላየውም፣ ከሊዝበን የመጣ ፅሁፍና ንድፍ ነው ያገኘው፣ በሱ ብቻ ተነስቶ ቆዳውን እንደ ጦር ጥሩር አድርጎ ትከሻው ላይ የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨምሮ ሳለው። አውሮፓ ደግሞ ከሁለት መቶ አመት በላይ አውራሪስ ማለት ይሄ ነው ብላ ተቀበለችው። የፕሪንት ሀይል እዚህ ላይ ነው የሚገባችሁ፣ አንድ እንጨት ብዙ ሺህ ሰው ጋ ደረሰ። እንስሳው ራሱ ለሮማው ጳጳስ ስጦታ ተብሎ ሲላክ መርከቡ ሰጠመና ሞተ።

ስታዩት እግሮቹ ጋ ተመልከቱ። እንጨቱ ዱሬር ከሞተ በኋላም እየታተመበት ስለቆየ ዘግይተው የወጡት ላይ እግሩን የሚያቋርጥ ስንጥቅ በነጭ መስመር ይታያል፣ ነቀዝ የበላው ቦታም በትናንሽ ነጭ ነጥብ ወጥቷል። የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደታተመ ባለሙያዎች የሚለዩት በዚህና በወረቀቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ወረቀት እየነካ ከሆነ አይሰረቅም?

መልስ፦ ተሰርቆ ያውቃል። ሮበርት ዳይተን የሚባል የካርቱን ሰዓሊ ሀላፊውን ተወዳጅቶ እየገባ ለአመታት ፕሪንት እየደበቀ ሲወጣ ነበር። የተነቃበት 1806 ላይ ነው፣ አንድ ነጋዴ ከዳይተን የገዛውን የሬምብራንት ፕሪንት ከሙዚየሙ ጋር ላስተያይ ብሎ ሲሄድ የሙዚየሙ ጠፍቷል። ሀላፊው ተባረረ፣ 1808 ላይ ደግሞ ፕሪንትና ድሮዊንግ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ተለየ። ዛሬ ቦርሳ አይገባም፣ ክፍሉ ውስጥ ጠባቂ አለ፣ የወጣው ስራ ይመዘገባል። 2023 ላይ የሰማችሁት የስርቆት ወሬ የግሪክና የሮማ ጌጣጌጥና የከበሩ ድንጋዮች ጉዳይ ነው፣ ከዚህ ክፍል ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ የኛ ሀገር ነገርስ? ኢትዮጵያን የሚመለከት አለ ወይስ የመቅደላው ብቻ ነው

መልስ፦ ይሄን ለያይቼ ልመልሰው። ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች መጀመሪያ ብሪቲሽ ሙዚየም ነበር የገቡት፣ 1973 ላይ ቤተ መፃህፍቱ ራሱን ችሎ ሲለይ ወደ ብሪቲሽ ላይብረሪ ሄዱ፣ ስለዚህ የብራና ስዕል ማየት የምትፈልጉ እዛ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። 11 ታቦታት ሙዚየሙ ውስጥ አሉ፣ ለእይታ አይወጡም፣ መውጣትም የለባቸውም፣ መመለስ ነው ያለባቸው። የ1963ቱ የሙዚየሙ አዋጅ እቃ መስጠትን በጣም ስለሚያጠብ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ህግ በሰው የወጣ ነገር ስለሆነ በሰው ይቀየራል ባይ ነኝ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ በሁለት ሰው ጀምሩ። አንዱ እንግሊዛዊው ተጓዥና ሰዓሊ ሄንሪ ሶልት ነው። 1805 ላይ አክሱም ደርሶ የቆመውን ሐውልት ሳለ፣ የንጉስ ኢዛናን የግሪክኛ ፅሁፍም ገልብጧል። ስዕሎቹ 1809 ላይ ለንደን ውስጥ በ24 ትልልቅ ፕሪንት ታተሙ፣ ህንድም ቀይ ባህርም ግብፅም አሉበት፣ የኛም አሉበት። አኳቲንት በሚባል መንገድ ነው የተሰሩት፣ መዳቡ ላይ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፣ አሲዱ በደቃቃዎቹ መሀል ይበላና ሲታተም የውሃ ቀለም የመሰለ ጥላ ይሰጣል፣ ከዛ ላይ በእጅ ቀለም ይቀባል። የአክሱሙን በማጉያ መነፅር አይቼዋለሁ፣ ሰማዩ ከሩቅ ለስላሳ ነው፣ ስትቀርቡ ደቃቅ የተሰነጣጠቀ ጭቃ የመሰለ መረብ ነው የሚታየው፣ ሰማያዊው ደግሞ አንዳንድ ቦታ የብሩሽ ጠርዝ ትቶበታል። ካሜራ ሳይፈጠር የተሰራ የአክሱም ምስል ነው፣ ለኛ ከስዕልም በላይ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው ሪቻርድ ሆምስ ነው፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ብሪቲሽ ሙዚየምን ወክሎ መቅደላ የሄደው። አፄ ቴዎድሮስ በ1868 እንደሞቱ ፊታቸውን በእርሳስ የነደፈው እሱ ነው፣ ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታን ስዕል ለራሱ ይዞ የሄደውም እሱ ነው። ንድፉ ላይ ፊታቸው ረጋ ያለ ነው። እኔ ይሄን ንድፍ ሳስብ ሁለት ነገር አብሮ ነው የሚሰማኝ፣ እርሳስ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ የንጉሱን መልክ በቅርብ ከሚያሳዩን ጥቂት ነገሮች አንዱ እንደሆነም አውቃለሁ። ሁለቱንም ይዤ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ አንድ ስራ ብቻ ምረጪ ብትባዪስ?

መልስ፦ የጣሊያኑ ሰዓሊ የሚካኤል አንጄሎ ኤፒፋኒያ የሚባለው ትልቅ ድሮዊንግ። 1550 አካባቢ በጥቁር ጠመኔ የሰራው ነው፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ30 በላይ፣ 26 ወረቀት ተቀጣጥሎ። እድሜው ሰባ አምስት አካባቢ ነበር። ሀሳቡን ሲቀያይር ሁሉ ይታያል፣ አንድ ጭንቅላት አንድ ቦታ ጀምሮ ትቶ ትንሽ ወደ ጎን ይደግመዋል፣ የመጀመሪያውን አያጠፋውም። ጠጋኞቹ ለአመታት ሰርተውበት 2024 ላይ ስለ ሰዓሊው የመጨረሻ አመታት በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ወጥቶ ነበር፣ ፊት ለፊቱ ብዙ ቆሜያለሁ። ለሙያዬ ሰው ደግሞ ሌላ ደስታ አለው፣ የ26ቱን ወረቀት መጋጠሚያ መስመር ተከትሎ ማየት።

ጥያቄ፦ ሀገር ቤት ግራፊክ አርት የሚሰራ አለ እንዴ አሁንም?

መልስ፦ አዎ አለ። አዲስ አበባ ያለው አለ ፈለገ ሰላም የስነ ጥበብ ት/ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ ውድከትና ሊኖከት (በእንጨት ፈንታ ሊኖሊየም ተቀርፆ የሚታተም) ላይ ጠንካራ እጅ ያላቸው ልጆች አሉ፣ የሚያጥረው ጥሩ ወረቀትና ቀለም ነው፣ ፕረስም እንደልብ አይገኝም። ከውጪ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደችውን ጁሊ ምህረቱን ተመልከቱ፣ ትልልቅ ሸራዋን ነው ሰው የሚያወራው ግን ፕሪንቶቿ ለኔ እኩል ናቸው። 2016 ላይ ኮፐንሀገን ከሚገኝ ማተሚያ ቤት ጋር የሰራችው ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ ባለ ስድስት ክፍል ነው፣ ከስር የደማስቆ ህንፃዎች ንድፍ አለ ከላይ የሷ ምልክቶች ሸፍነውታል፣ በመዳብ ሰሌዳ እንደዛ አይነት ግራጫ ማውጣት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ የሰራ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ በወጣትነቱ የሳለው የውሃ ቀለም ስዕል አለን፣ አዲስ አበባ ሳሎን ተሰቅሎ ወረቀቱ ቢጫ እየሆነ ነው ቡናማ ነጠብጣብም ወጥቶበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ከተሰቀለበት አውርጂው፣ መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ዛሬውኑ። ከዛ ፍሬሙን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ብዙ ጊዜ እኛ ጋ ጀርባው ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ተራ ካርቶን ነው የሚደረገው፣ ሁለቱም አሲድ ያወጣሉ፣ ቢጫ የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው፣ ሌላው ወረቀቱ ራሱ ከእንጨት የተሰራ ርካሽ ወረቀት ከሆነ ከውስጡ የሚመጣ ነው። ስዕሉ መስታወቱን በቀጥታ ከነካ ደግሞ ክረምት ላይ እርጥበት መሀላቸው ይገባና ሻጋታ ያበቅላል፣ ነጠብጣቡም ከዛ ሊሆን ይችላል።

እባክሽ ስኮች አትጠቀሚ፣ የተቀደደ ቢኖር እንኳን። ስኮች ከአመታት በኋላ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ይሆናል፣ እኔ ስራ ቦታ ላይ ከምታገላቸው ነገሮች አንደኛው እሱ ነው። ላሚኔት አታስደርጊ፣ አንዴ ከተደረገ በቃ መመለስ የለም። ነጠብጣቡን በበረኪና ላስለቅቅ የሚል ሰው ቢመጣ እሺ እንዳትዪ። አሲድ የሌለው ወረቀት ውጪ ካለ ዘመድ አስልኪ፣ ክብደት የለውም፣ በሱ መሀል አድርገሽ ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት የሚዋሰን ግድግዳ ጋ አይሁን። ሳሎን ላይ ጥሩ ፎቶ አንስተሽ አሳትመሽ እሱን ስቀይ። ለመስቀል የግድ ከሆነ በወረቀትና በመስታወት መሀል ክፍተት የሚሰጥ የጥጥ ካርቶን ይደረግና በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ከላይ ብቻ ይያዝ፣ አራቱም ጥግ ከተለጠፈ አየሩ ሲቀያየር ወረቀቱ መንቀሳቀሻ አጥቶ ይጨማደዳል። ፎቶውን ላኪልኝ፣ አይቼ የማውቀውን እነግርሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው አሮጌ ፕሪንት እውነተኛ ይሁን ፖስተር በምን ልለይ?

መልስ፦ ማጉያ መነፅር ያዝ። ምስሉ በረድፍ በተደረደሩ ነጥቦች የተሰራ ከሆነ የፋብሪካ ሕትመት ነው። ኤቺንግ ከሆነ በምስሉ ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጎድጓዳ ጠርዝ በጣት ይሰማል። ግን ጠርዙን ብቻ አይተህ አትደምድም፣ አስመስለው የሚጫኑ አሉ።

ጥያቄ፦ ለንደን መምጣት የማንችለውስ? ቪዛውም ትኬቱም...

መልስ፦ ድረገፃቸው ላይ ስብስቡ አለ፣ 2020 ላይ ሲያድሱት 1.9 ሚሊዮን ፎቶ ነበረው፣ ለንግድ ካልሆነ በነፃ አውርዶ መጠቀም ይፈቀዳል። ስልክ ላይም ይከፈታል ግን ኮምፒውተር ካላችሁ በሱ አጉልታችሁ እዩት። ስትፈልጉ ኢትዮጵያ ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ አቢሲኒያ ብላችሁም ፃፉ፣ የድሮዎቹ ፕሪንቶች ርእስ ላይ ያለው እሱ ነው። አክሱምንም በተለያየ ስፔሊንግ ሞክሩት፣ የሶልትን ስም ደግሞ ለብቻው። ያገኛችሁትን እዚህ አምጡትና ምን እንደሆነ አብረን እናየዋለን፣ ማታ ከስራ ስገባ እየተመለስኩ እመልሳለሁ።